እየቆጠርሁብህ ነው

መስዑድ ኑርዬ እግረ ቀላል ነጋዴ ነበር። በርበሬ ከዳንግላ ያመጣል፣ ኑግ ከገጠር ይሰበስባል፣ ሳሙናና ስኳር ከባሕር ዳር በጀልባ ያስጭናል፤ ከሳምንቱ ሦስት አራቱን ቀን ከቤቱ ውጭ ያድራል። አባቱም ወረታ ላይ እንዲሁ ነበሩ። ሰው ዕቃውን ሳይመዝን እሳቸው ዘንድ በአደራ ጥሎ ይሄድ ስለነበር፣ ከሞቱም በኋላ ስማቸው ሲነሣ «ኑርዬ አማና አይበላም» ይባል ነበር። ልጃቸው ጣና ዳር ካለችው ቁንዝላ ገብቶ ሚስት ሲያገባ ከአባቱ የወረሰው ይህንን ስምና ሁለት የጭነት አህያ ነው። እንግዲህ ይህ ዘዋሪ ሰው ነው አምስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ቦታ ከግማሽ ቀን መንገድ በላይ ሳይርቅ የቆየው።

ነገሩ የጀመረው ዶክተር ኢንግሪድ የምትባል የውሃ ተመራማሪ ቁንዝላ የመጣች ጊዜ ነው። ወደ ስልሳ የምትጠጋ ፈረንጅ ናት፤ ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ ጭቃው ውስጥ ትገባለች፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ቁጭ ብላ በእጇ ትበላለች። ከጀልባ ማቆሚያው አለፍ ብሎ ደንገሉ በሚያልቅበት በኩል ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ብረት አስተከለች። የከተማው ሰው «ሜትሩ» አለው። ሐይቁ ሲሞላ ውሃው ቁጥሩን እየዋጠ ይወጣል፤ ሲጎድል እየተፋ ይወርዳል። ይህን በየቀኑ አይቶ የሚጽፍ፣ ቤቱ ለውሃው የቀረበ፣ ፊደል የቆጠረ ሰው ስትፈልግ መስዑድን አሳዩአት። ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ ነው ትምህርት ያቋረጠው። ሚስቱ አስያ ያን ጊዜ ሁለተኛ ልጇን ፀንሳ ስለነበር «ይህን ዓመት እንኳ ከቤት ልዋል» ብሎ ያሰበበት ወቅት ነበርና እሺ አለ። አንድ ዓመት ነው በሐሳቡ።

ሥራው ቀላል ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር አይቶ ደብተር ላይ ማስፈር። አስተርጓሚዋ ሀብተ ሥላሴ፣ ከባሕር ዳር አብሯት የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ እሱ ሁለት ነገር አጥብቆ ነገረው። አንደኛው፣ የሚያየው ሁልጊዜ አንድ ዓይን ይሁን፤ ሰው በተለወጠ ቁጥር አተያዩም ይለወጣልና ለሌላ እንዳይሰጠው። ሁለተኛው፣ ከሰማይ በላይ እየዞረ ሐይቁን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ መስዑድ የሚጽፈውም ከእሱ ጋር ይመሳከራል። መስዑድ ያን ጊዜ ስቆ፣ በቀኝና በግራ ትከሻው ያሉት ጸሐፊ መላእክት አንሰውት ሦስተኛ ተጨመረበት ማለት ነው ብሎ ቀልዷል።

በ2012 ኅዳር ላይ አስያ ሰባተኛ ወሯን እንደያዘች ደም ፈሰሳት። ዕድል ሆኖ የጀልባው ቀን ነበር። መስዑድ ሚስቱን በነጠላ ጠቅልሎ፣ የአሥር ዓመት ልጁን ሱንዱስን ለጎረቤት ሰጥቶ፣ ባሕር ዳር ሆስፒታል አደረሳት። አሥራ አንድ ቀን ከአልጋዋ አልተለየም። ወንድ ልጅ ተወለደ፤ አልጮኸም። ከአስያ ወንድም ከሙሀመድአወል ጋር ሆነው ቀበሩት። አስያን አትርፈው ቁንዝላ ሲመለሱ፣ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ቆየው። አሥራ አንድ መስመር ባዶውን።

ወርዶ ሜትሩን አየ። ውሃው ከሄደበት ቀን አሥራ አንድ ቁጥር ዝቅ ብሏል። ቀኑም አሥራ አንድ ነው። ተመለሰና ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ እየቀነሰ ሞላው። በመስመሮቹ ላይ «አልነበርሁም» ብሎ መጻፍ ይችል ነበር፤ ማንም አይቆጣውም ነበር። ነገር ግን ያንን ቃል ለመጻፍ የት እንደነበረ ማሰብ ነበረበት፣ እጁም እምቢ አለው። ቁጥር መጻፍ ቀለለው። በጥር ሀብተ ሥላሴ መጥቶ ገጾቹን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ሄደ። መስዑድ ያን ዕለት ስለ መስመሮቹ ሊነግረው አፉ ላይ የመጣውን መልሶ ዋጠው።

በመጋቢት የዓለሙ በሽታ መጣና ፈረንጆቹ ሁሉ በየአገራቸው ተጠሩ። ዶክተር ኢንግሪድ ቁንዝላን ሳትረግጥ ከባሕር ዳር በረረች። የጀልባው ሰዎች አንድ ካርቶን አመጡለት፤ ውስጡ አሥር አዲስ ደብተር፣ አንድ እሽግ እስክሪብቶና በእጇ የተጻፈ አጭር ደብዳቤ በእንግሊዝኛ። ሀብተ ሥላሴን ቢደውልለት ስልኩ አይሠራም፤ ተመርቆ ወደ ሌላ አገር ሄዷል አሉት። መስዑድ ከባሕር ዳር የገዛት ኪስ የምትገባ መዝገበ ቃላት ነበረችውና በቀን ብርሃን በር ላይ ተቀምጦ ደብዳቤውን ቃል በቃል ፈለቀቀው። መጀመሪያ ላይ ያለው ሰላምታ ነው፤ ገባው። ቀጥሎ ስለ ደብተሩ ነው፤ ገባው። የቀረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። በአንደኛው «ማቆም» እና «መረዳት» የሚሉ ቃላት አሉ፤ ሲገጣጥመው «ብታቆም ይገባኛል» ሆነለት። ሁለተኛው «አይ አም ካውንቲንግ ኦን ዩ» ይላል። ካውንት መቁጠር ነው፤ ይህን ከልጅነቱ ያውቃል። ኦን ላይ ነው። በአንተ ላይ እየቆጠርሁ ነው። ይኸውም በሰው አነጋገር፣ እየቆጠርሁብህ ነው።

አወቀች ማለት ነው። ከሰማይ ያለው መሣሪያ አሥራ አንዱን ቀን አጋልጦታል። ሴትዮዋ ጨዋ ስለሆነች ስድብ አልጻፈችም፤ ነገር ግን ከእንግዲህ እያንዳንዷን ቀን እቆጥርብሃለሁ፣ ብታቆምም እደርስብሃለሁ እያለችው ነው። እንዲያ ነው የተረዳው።

በቁንዝላ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ጠፍቶ አይደለም። ቤቱ ፊት ለፊት እንኳ አንድ አስተማሪ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ግን የራሱን ክስ ለሰው አስነብቦ «ምን ይላል?» የሚል ማን አለ? ዛሬ አንዱ ቢያነበው ነገ ገበያው ሁሉ የኑርዬ ልጅ አማና በላ ማለቱ ነው። ደብዳቤውን አጥፎ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ደበቀው፤ ለአስያም አላሳየም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ማታ ከመግሪብ በፊት፣ ዝናብ ቢዘንብ ትኩሳት ቢይዘው፣ ሜትሩ ዘንድ ሳይገኝ የቀረበት ቀን የለም።

ዳንግላ መሄድ ቀረ። የገጠሩ ገበያ ቀረ። አህዮቹን ሸጠና ከቤቱ በር ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። በሁለተኛው ዓመት ከፕሮጀክቱ ይላክለት የነበረው አበል ቀረ፤ ሰውም «ታዲያ አሁን ለማን ነው የምታየው?» ማለት ጀመረ። «ለምዶብኝ ነው» ይላቸዋል። ውስጡ ግን ሌላ ነበር። አበሉን ማቆሟ ራሱ ፈተና መሰለው፤ ያለ ክፍያም ይቀጥል እንደሆነ ልታይ ነው ብሎ አሰበ። ሲፈሩ የማይተረጎም ነገር የለም።

በ2014 ወረታ ያለው ታላቅ ወንድሙ ሙአዊያ ደወለ። እናታቸው ሉባባ ተዳክመዋል፤ የመስዑድን ስም ይጠራሉ፤ ነገ ተነሥቶ እንዲመጣ ነው። መስዑድ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ አሰላ። ጀልባው እስከ ባሕር ዳር ቀኑን ይፈጃል፣ ከዚያ በመኪና ወረታ፤ መመለሻውን ጨምሮ ቢያንስ አራት ቀን። አራት ባዶ መስመር፣ በእያንዳንዱ መስመር ሁለት ባዶ ቤት። እየተቆጠረበት ነው። «ጋሼ፣ በሚመጣው ሳምንት እመጣለሁ፤ ሥራ ይዞኝ ነው» አለ። ሐሳቡ ምን እንደነበረ እሱም አያውቀውም፤ በሳምንቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይፈታኛል ብሎ ሳይሆን አይቀርም። እናቱ ረቡዕ ጠዋት ሞቱ፤ ከዐስር ሶላት በፊት ተቀበሩ። ማታ ሙአዊያ ደውሎ፣

«እማን ቀበርናት። ከእንግዲህ አትቸኩል» አለውና ዘጋ። ከዚያ ወዲያ አልደወለም፤ መስዑድም ቢደውል አያነሣም።

ያን ዕለት ማታ መስዑድ ሜትሩ ዘንድ ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ ቁጥሩን ጻፈ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ አገሩ ታመሰ። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሦስት ሳምንት ይዘጋል፤ ጀልባውም ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሱንዱስ ዐሥራ አምስት ዓመቷን ይዛ ቤት ተቀመጠች። አስያ አንድ ወር ጠበቀች፤ ሁለተኛውም አለቀ። ከዚያ ልብስ ማጠፍ ጀመረች። ባሕር ዳር ወንድሟ ሙሀመድአወል ቤት ሆና ልጅቱን ልታስተምር ነው። መስዑድ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል።

«አንተስ?» አለችው ቀና ሳትል።

«ሜትሩን ለማን ጥዬ?»

አስያ እጇ ላይ ያለውን ቀሚስ አጥፋ ጨረሰች። «እኔን ለማን ጥለህ ነው ብዬ ጠይቄህ አላውቅም» አለች።

በማግስቱ ጀልባው ይዟቸው ሄደ። መስዑድ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ጀልባው ነጥብ እስኪሆን አየ። ከዚያ ወዲያ ለብቻው ነው። ራሱ ያበስላል፣ ራሱ ያጥባል፣ ሱቁን ከፍቶ ይዘጋል። በሥራ ቀን ሁለት ጊዜ፣ በዒድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ሜትሩን ያያል። ሐይቁ ፊት ለፊቱ ነው፤ ውሃው ባሕር ዳርንም፣ ጎርጎራንም፣ የወረታን ሩዝ ማሳም የሚያረጥብ ያው አንድ ውሃ ነው። ሁሉም ሰው በእሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። ለመስዑድ ብቻ ግድግዳ ሆነበት። አንዳንዴ ይናደድና «ዛሬ አልወርድም» ብሎ ይቀመጣል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ግን ጉልበቱ ራሱ ይነሣል። አንድ ጊዜ ብረቱን ነቅሎ ሐይቁ ውስጥ ሊጥለው አስቦ ጨብጦ ነቀነቀው። ሲሚንቶው የዋዛ አልነበረም።

በ2017 ሐምሌ ሱንዱስ ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ጀልባውም የሚሠራበት ሳምንት ገጥሟት፣ አባቷን ልታይ መጣች። ቁመቷ እናቷን አልፏል። በርበሬው ላይ፣ ሳሙናው ላይ፣ አባቷ ሸሚዝ ላይ ሳይቀር እጇን አሳርፋ ቤቱን ቤት አስመሰለችው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ፣ እሱ ከሱቁ ደጃፍ ጆንያ በወስፌ ይሰፋል፤ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታጠናለች። መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ትላለች፣ ከዚያ አማርኛውን። መስዑድ የልጁን ድምፅ ለመስማት ያህል እንጂ ቃሉን አይከታተልም ነበር። በመካከል «ካውንት ኦን» አለች።

ወስፌው ቆመ።

«ምን ማለት ነው ያልሽው እሱ?»

«በሰው መተማመን።»

«ካውንት መቁጠር አይደል እንዴ?»

«ብቻውን ሲሆን መቁጠር ነው። ኦን ሲከተለው ግን ሌላ ቃል ይሆናል፤ መቁጠር የሚባል ነገር የለበትም። አስተማሪያችን እነዚህን ግሦች ለያይታችሁ የፈታችሁ ለት ጠፋችሁ ይሉናል። እኛስ ዓይኑን ጣለባት ስንል ዓይኑ ወልቆ ወደቀ ማለታችን ነው? እንደዚያ በለው።»

መስዑድ ወስፌውን ጆንያው ላይ ሰካ። «አንድ ሰው 'አይ አም ካውንቲንግ ኦን ዩ' ቢልሽ፣ እየቆጠርሁብሽ ነው ማለቱ አይደለም?»

ሱንዱስ ሳቀች። «ማን ነው እንዲህ አድርጎ የፈታልህ? ተማምኜብሃለሁ ማለት ነው፤ እንደማታሳፍረኝ አውቃለሁ እንደ ማለት። የምትወደውን ሰው ነው እንዲህ የምትለው፤ የጠረጠርኸውን ሰው አትለውም።»

መስዑድ ተነሥቶ ገባ። ሲመለስ መዝገበ ቃላቷን ይዟል፤ ከውስጧ የጠወለገ ወረቀት አወጣና ሰጣት። «ይኸን አንብቢልኝ» አለ። አምስት ዓመት ለማንም ያላሳየውን ወረቀት ልጁ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየችው። አንዴ ለራሷ አነበበችው፤ ከዚያ ቀስ እያለች በአማርኛ ነገረችው።

«ውድ መስዑድ፣ ሳልሰናበትህ በመሄዴ ይቅርታ አድርግልኝ። ደብተሮቹን ልኬልሃለሁ። ማቆም ግድ ቢሆንብህ ችግርህን እረዳለሁ። ተማምኜብሃለሁ። ኢንግሪድ።»

«ማቆም ያለችው ላይ፣» አለ መስዑድ፣ «ብታቆም ይገባኛል፣ እደርስበታለሁ ማለቷ አይደለም?»

«አይደለም አባዬ። አልቀየምህም ማለቷ ነው። ከበደህ ተወው ነው የምትልህ።»

መስዑድ ወረቀቱን ተቀብሎ በእጥፋቱ አጠፈው። ሱንዱስ መጀመሪያ አልገባትም ነበር፤ ፊቱን እያየች ቆይታ ግን ደብተሯን ዘጋችው። ያን ጊዜ ነገራት። አሥራ አንዱን ቀን፣ ያልጮኸውን ልጅ፣ ባዶዎቹን መስመሮች፣ አንድ አንድ እየቀነሰ የሞላበትን፣ ከሰማይ ያለውን መሣሪያ፣ ሁሉንም። አንድም ቃል አላስቀረም።

ሱንዱስ ወንድም እንደነበራት ታውቃለች፤ ሌላውን አታውቅም ነበር። «አያቴን ያልቀበርሃት ለዚህ ነው?» አለች።

አሥራ ሁለት ሰዓት እየተቃረበ ነበር። መስዑድ ተነሣ፤ እግሩ ወደ ሜትሩ ወሰደው። ልጁ ከኋላው እያየችው ወረደ፣ ቁጥሩን አየ፣ ጻፈ።

ነጻ ወጣ የሚል ሰው ይኖራል። እንዲያ አልሆነም። ሱንዱስ በነበረችበት ሁለት ሳምንት ሁሉ በየጠዋቱና በየማታው መውረዱን አልተወም፤ በረቱ ተከፍቶለት ሳለ ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደሚቀር ከብት ሆነ። እንዲያውም አዲስ ነገር ያዘው። እስከዚያ ቀን የተሸከመው ቅጣት መስሎት ነበር፤ ቅጣት ደግሞ ቢከብድም የራሱ ዕረፍት አለው፤ ቀን በቀን ይከፈላል። አሁን ግን ሴትዮዋ አልቀጣችውም፤ አምናዋለች። እሱ ደግሞ ያመነችውን ነገር አስቀድሞ አበላሽቶታል። «ቢቆጠርብኝ ይሻል ነበር» አላት ለልጁ። «አማና ከሆነ በልቼዋለሁ።»

«ታዲያ ንገራት» አለች ሱንዱስ። ከደብዳቤው ግርጌ የኢሜይል አድራሻ ነበር።

እሱ እየተናገረ እሷ በእንግሊዝኛ ጻፈችው። ሦስት ጊዜ አስጠፋት። መጀመሪያ ምክንያቱን አስቀድሞ ነበርና ልመና መሰለበት፤ መጨረሻ ላይ ያጸደቀው አጭሩን ነው፦ ከኅዳር ስምንት እስከ ዐሥራ ስምንት ያለው ቁጥር የእኔ ፈጠራ ነው፣ አላየሁትም፣ አውጪው፣ ይቅርታ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ነው። ቁንዝላ ያን ሰሞን ኢንተርኔት ስላልነበረ ሱንዱስ ወረቀቱን ይዛ ባሕር ዳር ሄደች፤ ከዚያ ላከችው።

መልሱ የመጣው ከዘመን መለወጫ በኋላ ነው። ሱንዱስ ደወለችና አነበበችለት፤ እናቷ አጠገቧ መሆኗን አልነገረችውም። ዶክተር ኢንግሪድ ከሥራ ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ጥናቱም ያኔውኑ ተዘግቷል። አሥራ አንዱን ቀን በጊዜው አይታዋለች። ጣና እንደ ደረጃ እኩል እኩል አይወርድም፤ ነፋስ አለ፣ ማዕበል አለ፣ አንድ ቀን ሁለት ቢቀንስ አንድ ቀን ምንም አይቀንስም፤ ስለዚህ ገጹን ባየችበት ቀን ቁጥሮቹ በቤት የተጻፉ መሆናቸውን አውቃለች። ሀብተ ሥላሴን አስጠየቀችው፤ እሱም የከተማውን ሰው ጠይቆ ልጅ ሞቶበት ነው አላት። እነዚያን ቀናት አውጥታ ሥራዋን ቀጠለች። ደብዳቤውን የጻፈችለት ከዚያ በኋላ ነው። እስከ አሁን ሜትሩን ያያል ብላ በሕልሟም አላሰበችም፤ ይህን ስታነብ ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ደብተሮቹን ቢልክላት በደስታ ለሚፈልጓቸው ሰዎች ትሰጣቸዋለች፤ ባይልክም ምንም የለበትም።

መስዑድ ስልኩን እንደያዘ ቆመ። ስለዚህ ማንም አልነበረም። ከላይም፣ ከባሕር ማዶም፣ አምስት ዓመት ሙሉ የሚቆጥር አንድም ሰው አልነበረም። ቁጥሩን ይጽፍ የነበረው ለራሱ ብቻ ነው።

የአስያ ድምፅ መጣ። «ለምን አልነገርኸኝም?»

«ምን ብዬ?» አለ። «ልጃችን በሞተ ቀን ውሃው ስንት እንደነበር አላውቅም ብዬ?»

አስያም፣ «እኔ ከእኔ ይልቅ ውሃውን መርጠሃል ብዬ ነበር የማስበው» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ይቅርታም ገና አልነበረበትም። «ጀልባ ሲገኝ ና። መጀመሪያ ግን ወረታ ሂድ።»

ጀልባ የተገኘው በዘጠነኛው ቀን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ መስዑድ ሜትሩን ማየት አልተወም፤ በራሱ ቢስቅም አልቻለም። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጠና ተሳፈረ። ጀልባው ባሕር ዳር ሳይደርስ የማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጦ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለች ሴት ውሃው የከበደው መስሏት ሎሚ ሰጠችው።

ከባሕር ዳር ወረታ መንገዱ ክፍት ነበር። ሙአዊያ ሩዝ ያስፈጫል፣ ይሸጣል፤ በጆንያዎቹ መካከል ተቀምጦ አገኘው። ወንድሙን ሲያይ አልተነሣም። መስዑድ ቆሞ ነገረው፤ ወንበር አልጠየቀም። ደንበኛ ሲመጣ ዝም ይላል፣ ሲሄድ ይቀጥላል። ሙአዊያ እየሰማ የሩዙን ፍሬ በመዳፉ እየዘገነ ይመልሳል።

«አንድ ቃል ለመጠየቅ አምስት ዓመት?» አለ በመጨረሻ።

«አፍሬ ነው ጋሼ።»

«እማ በሞተች ቀን ጠዋት ምን እንዳለች ታውቃለህ?» ሙአዊያ አሁንም ቀና አላለም። «መስዑድ ካልመጣ የያዘው ነገር አለ፤ አትቀየሙት ነው ያለችው። ለአንተ ልነግርህ አደራ ሰጥታኝ ነበር። ተናድጄ ነው ያልነገርሁህ። ሦስት ዓመት ይዤዋለሁ።»

ሙአዊያ ሱቁን ዘግቶ ወንድሙን ወደ መቃብሩ ወሰደው። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። መስዑድ የእናቱ ራስጌ ተቀምጦ ዱዓ አደረገ፤ የሚለው ብዙ ነበር፣ የወጣለት ግን ጥቂት ነው። ሙአዊያ ራቅ ብሎ ሌላ ሰው መቃብር ላይ የበቀለውን አረም ሲነቅል ቆየ።

ዛሬ መስዑድ ባሕር ዳር ነው። ከገበያው ኋላ ሁለት ክፍል ተከራይተው ከአስያና ከሱንዱስ ጋር ይኖራል፤ መንገድ ሲከፈት ደርሶ መልስ በርበሬና ሩዝ ይነግዳል። አስያ አንዳንድ ቀን ታወራዋለች፣ አንዳንድ ቀን ዝም ትላለች፤ ዝም ስትል አይጫናትም። ደብተሮቹን በካርቶን አድርጎ ላካቸው፤ ደረሱም አልደረሱም ገና አልሰማም። ሙአዊያ በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውላል። ስለ ሩዝ ዋጋና ስለ መንገዱ ጠይቆ ይዘጋል፤ ሌላ ነገር አያወራም። ግን ይደውላል።